የኦፕን ሶርስ ኤፒአይ የጽናት ደረጃ አሰያየም፤ ዝርዝር መመሪያ

ኤፒአይ ማለት ሌላ ፕሮግራም የሚጠራው የላይብረሪያችሁ ክፍል ነው። «ኤክስፐሪሜንታል» (የሙከራ) የተባለው ፈንክሽን ሲቀየር ተጠቃሚው ይጮኻል። «ስቴብል» (የጸና) የተባለው ሲቀየር ደግሞ ሜንቴይነሩ (ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድረው ሰው) «እንዲህ ብለን ቃል አልገባንም» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ስም ተለጥፏል እንጂ ስሙ ማንን በምን እንደሚያስር የትም አልተጻፈም። ብዙ ፕሮጀክት ከስሙ ይጀምርና ቃሉን ይረሳል። እዚህ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፦ መጀመሪያ ቆጠራ፣ ቀጥሎ ቃል ኪዳን፣ ከዚያ በኋላ ስም።

ለማሳያ አንድ አነስተኛ የፓይተን ላይብረሪ እንያዝ። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊ ይቀይራል እንበል። ሦስት ፈንክሽኖች አሉት፦ ቀን የሚለውጠው «ቀይር»፣ የዓመቱን በዓላት የሚያሰላው «በዓላት» እና በጽሑፍ የተሰጠውን ቀን የሚፈታው «አንብብ»።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ነገር በእጃችሁ ይኑር።

• የሪሊዝ (የአዲስ ቨርዥን እትም) ልማዳችሁ። «ከሁለት ሪሊዝ በኋላ ይወገዳል» ማለት የሚያስኬደው ሪሊዝ በታወቀ ጊዜ ለሚያወጣ ፕሮጀክት ብቻ ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት ሪሊዝ አውጥታችሁ ከዚያ ስምንት ወር የምትጠፉ ከሆነ በወር ቁጠሩ። ኩበርኔቲስ (ሰርቨር ላይ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ፕሮጀክት) ሁለቱንም ያጣምራል፤ ለቤታ ኤፒአይ 9 ወር ወይም 3 ሪሊዝ፣ ከሁለቱ የረዘመው።
• የሚወስነው ሰው። ደረጃ የሚቀይር ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጥ ጥያቄ) የሁለት ሜንቴይነር ፊርማ ይፈልግ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሐሳቡን ኢሹ (የፕሮጀክቱ የጉዳዮች መዝገብ) ላይ ጻፉና ሳታጸድቁት ሁለት ሳምንት አቆዩት።
• አንድ ፋይል። ስሙ «ጽናት» ወይም የፈለጋችሁት ይሁን፤ ሪፖዚቶሪው (የኮዱ ማከማቻ) ሥር ላይ፣ ከሪድሚው (ከመግቢያ ፋይሉ) ጎን ይቀመጥ። ዊኪ ላይ አታድርጉት። ከኮዱ ጋር አብሮ ካልተቀየረ በስድስት ወር ውስጥ ሐሰት ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ቆጠራ

ተጠቃሚው ሊደርስበት የሚችለውን ሁሉ በሰንጠረዥ ዘርዝሩ። ፈንክሽንና ክላስ መዝገብ ብቻ አይበቃም። ሰው የሚረሳቸው እነዚህ ናቸው፦

• የፓራሜትር ስሞች። ፓይተን ውስጥ ተጠቃሚው በስም ሊጠራቸው ስለሚችል «ወር» የነበረውን «የወር_ቁጥር» ብትሉት የሰው ኮድ ይሰበራል።
• ነባሪ ዋጋዎች
• የሚወረወሩ የኤክሰፕሽን (የስሕተት ምልክት) ዓይነቶች
• የኮማንድ ላይን ፍላጎች፣ የኮንፊግ ቁልፎች፣ የኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎች
• የሚታተመው ጽሑፍ ቅርጽ፣ ሌላ ፕሮግራም የሚያነበው ከሆነ

ቀጥሎ ማንም ያልወሰነውን ባሕርይ ፈልጉ። «ቀይር» ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ቢሰጠው ምን ይመልሳል? እንዲህ ያለ ቀን የለም፤ ጳጉሜን ስድስት የሆነችው በ2015 ነበር፣ በ2016 አምስት ናት። ኮዱ ግን ቀን ደምሮ ብቻ የሚያሰላ ከሆነ ዝም ብሎ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ይላል፤ ያ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2017 ነው። ይህን ያቀደው የለም። አንዱ ተጠቃሚ ግን «ነገ» ለማለት ቀኑ ላይ አንድ እየደመረ ይልክላችኋል፤ እስካሁን ሠርቶለታል። ነገ «ሳንካ አረምን» ብላችሁ ኤክሰፕሽን ስታወጡ የእሱ ሲስተም የሚቆመው በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ተጠቃሚ ሲበዛ የሚታይ ባሕርይ ሁሉ የሆነ ሰው ይደገፍበታል፤ ፕሮግራመሮች በሐይረም ራይት ስም የሚጠሩት ሕግ ይህ ነው።

ስለዚህ ሰንጠረዡ ውስጥ ለዚህ ባሕርይ ራሱን የቻለ ረድፍ ስጡት። አሁን ወስኑ፤ ካልቻላችሁ «ያልተወሰነ፤ አትደገፉበት» ብላችሁ ጻፉ። ባዶ አትተዉት።

ደረጃ 2፦ ለማን እንደሆነ ለዩ

«ለማን ነው?» እና «ምን ያህል ይጸናል?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ በአንድ ስም አትመልሷቸው። ሃዱፕ (የትልልቅ ዳታ ማቀነባበሪያ ፕሮጀክት) በሁለት አኖቴሽን (ኮዱ ላይ በሚለጠፍ ምልክት) ይለያቸዋል፤ አንደኛው ተደራሹን ይናገራል (ለሁሉም፣ ለተወሰኑ ፕሮጀክቶች ብቻ፣ ለውስጥ)፣ ሁለተኛው ጽናቱን (ስቴብል፣ ኢቮልቪንግ፣ አንስቴብል)። አነስተኛ ፕሮጀክት ይህን ያህል ዝርዝር አይፈልግም፤ ሐሳቡ ግን ይሠራል።

ደንቡ ይህ ይሁን፦ የውስጥ የሆነ ነገር ደረጃ አይሰጠውም። «የውስጥ፣ የሙከራ» ብሎ መለጠፍ «ሞክሩት» ብሎ እንደ መጋበዝ ነው።

ከዚያ የውስጡን በእውነት ዝጉት። የጎ ቋንቋ ከ1.5 ወዲህ «ኢንተርናል» የተባለ ማውጫ ውስጥ ያለን ፓኬጅ ከውጭ ኢምፖርት ማድረግን ራሱ ይከለክላል። ፓይተን ላይ ከስም በፊት የምትገባው አንደርስኮር ይሉኝታ ብቻ ናት። ሳይዘጋ የቀረ የውስጥ ነገር ምን እንደሚሆን ጃቫ ታሳያለች፤ «ሰን ሚስክ አንሴፍ» የተባለው የውስጥ ክላስ በብዙ ላይብረሪ ውስጥ ሥር ስለሰደደ ጃቫ 9 ሞጁሎችን ሲያመጣ ሊዘጉት አልቻሉም፤ «ጄዲኬ ዶት አንሰፖርትድ» የሚባል የራሱ ሞጁል ተሰጥቶት ቀጠለ።

ደረጃ 3፦ ቃሉን ጻፉ፣ ስም ሳትሰጡት

ስሙን ትታችሁ «ደረጃ ሀ»፣ «ደረጃ ለ» በሉ። ለእያንዳንዱ አምስት ጥያቄዎችን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. ሊቀየር የሚችለው በየትኛው ሪሊዝ ነው? በፓች (እርማት ብቻ)፣ በማይነር (ጭማሪ) ወይስ በሜጀር (ነባሩን ሊሰብር የሚችል)?
2. ከመቀየሩ በፊት ማስታወቂያው ስንት ጊዜ ይቆያል? የትስ ይወጣል?
3. ተጠቃሚው ምንም ሳያደርግ ክፍት ነው ወይስ ራሱ መክፈት አለበት?
4. ሳንካ ሲገኝበት ለቆዩ ቨርዥኖች ይታረማል?
5. ቃሉ የማይሠራው መቼ ነው?

አምስተኛውን አትዝለሉ። የደኅንነት ቀዳዳ የጸናውን ፈንክሽን እንድትሰብሩ የሚያስገድዳችሁ ቀን ይመጣል። ያን ቀን ልዩ ሁኔታውን መጻፍ ማምለጫ መፈለግ ይመስላል፤ አስቀድሞ የተጻፈ ከሆነ ግን ውል ነው።

ለላይብረሪያችን ደረጃ ሀ እንዲህ ይነበባል፦ «በማንኛውም ማይነር ሪሊዝ ሊቀየር ወይም ሊወጣ ይችላል፤ ቼንጅሎጉ (የለውጦች ዝርዝር) ላይ ይጻፋል እንጂ ቀደም ብሎ አይታወጅም። የሚገኘው ከ‹ሙከራ› ሞጁል ብቻ ነው። ለቆዩ ቨርዥኖች እርማት አይሠራለትም።» የሚፈርስ ቃል ስለሌለበት አምስተኛው ጥያቄ እዚህ አይነሳም። አራት መስመር እንኳ አልሞላም። ቃላችሁ ከአንድ አንቀጽ ካለፈ ምናልባት ሁለት ደረጃ አደባልቃችኋል።

ፈተናው፦ ሁለት ደረጃዎች ለአምስቱም ጥያቄ ተመሳሳይ መልስ ካላቸው አንድ ናቸው። አዋህዷቸው።

ደረጃ 4፦ ስም ስጡ

ሦስት ደረጃ ለአብዛኛው ፕሮጀክት ይበቃል፦ የሙከራ፣ የጸና፣ ተሰናባች (ገና የሚሠራ፣ ግን ሊወገድ የታወጀ)። አራተኛ የምትጨምሩት ከላይ ያለውን ፈተና ካለፈ ብቻ ነው። ኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያሠራው) በድሮው ሰንጠረዡ ከ0 እስከ 5 ስድስት ደረጃ ነበረው፤ «ፍሮዝን» እና «ሎክድ» የሚባሉ ከስቴብል በላይ የተደረደሩ ደረጃዎች ጭምር። ዛሬ ዋናዎቹ አራት ናቸው፦ 0 ዲፕሪኬትድ (ተሰናባች)፣ 1 ኤክስፐሪሜንታል፣ 2 ስቴብል፣ 3 ሌጋሲ (ያረጀ)። ቁጥሩንም ልብ በሉ፤ 3 ከ2 ይበልጣል፣ ሌጋሲ ግን ከስቴብል የተሻለ አይደለም። ቁጥር ብቻውን ስም አይሁን።

«ቤታ» የሚለውን ባትጠቀሙ ይሻላል። ለአንዱ «ሊያልቅ ትንሽ የቀረው» ነው፣ ለሌላው «በራስህ ኃላፊነት»። ኩበርኔቲስ ላይ ኢንግረስ (የውጭ ትራፊክ የሚያስገባው ኤፒአይ) እ.ኤ.አ. በ2015 በ1.1 ቤታ ሆኖ ገባ፤ ስቴብል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 በ1.19 ነው። አምስት ዓመት ያህል ሰው ሁሉ ፕሮዳክሽን ላይ ሲያሠራው ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በ1.22 የቤታው ቨርዥን ሲወጣ የቆየ ማኒፌስት (የኮንፊግ ፋይል) የያዘ ሁሉ እንደገና መጻፍ ነበረበት። ስሙ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀርቶ ጌጥ ከሆነ ቆይቶ ነበር።

ጥሩ ስም የሚናገረው ስለ ሰጪው ግዴታ ነው። ሶላሪስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም «ኮሚትድ»፣ «አንኮሚትድ»፣ «ቮላታይል» ይል ነበር፤ ቃል ገብተናል፣ አልገባንም፣ ተለዋዋጭ ነው። «ስቴብል» ግን «አይወድቅም፣ ክራሽ አያደርግም» ተብሎም ይሰማል። ስለዚህ ፋይላችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «የጸና ማለት አጠራሩና ባሕርዩ አይለወጥም ማለት ነው፤ ሳንካ የለበትም ማለት አይደለም።»

በአማርኛ ዶክመንቴሽን ለምትጽፉ፣ ሁለት ቃላት ላይ ተጠንቀቁ። «የተረጋጋ» የስቴብልን ያንኑ አሻሚነት ይዞ ይመጣል፤ «የጸና» ወደ ውልና ወደ አዋጅ ቋንቋ ስለሚጠጋ ይሻላል። «የተሻረ» ደግሞ ለዲፕሪኬትድ አይሆንም። የተሻረ ሕግ ከተሻረበት ቀን ጀምሮ አይሠራም፣ ዲፕሪኬትድ ፈንክሽን ግን ዛሬም ይሠራል። ተሰናባች ሹም እስኪወጣ ድረስ ወንበሩ ላይ ነው፤ «ተሰናባች» ልኩ ነው። ኮዱ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ መለያ ግን እንዳለ ይቆይ፤ ሰው ሲፈልግ በእሱ ነው የሚፈልገው።

ደረጃ 5፦ ምልክቱ የት ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ፀብ ያለው። ምርጫው ሁለት ነው፤ ምልክቱ ከስሙ ጋር ይጣበቅ ወይስ ከስሙ ውጭ ይሁን?

ከስሙ ጋር ሲጣበቅ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሪአክት የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ያልጸናውን ነገር «አንስቴብል» በሚል ቅጥያ ይጀምረዋል፤ ኮዱን የሚገመግም ሰው በየመስመሩ ያየዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ነገሩ ሲጸና ነው፤ ስሙ መቀየር አለበት፣ ማለትም የጸናበት ቀን ሰው ሁሉ የሚሰበርበት ቀን ይሆናል። ካልተቀየረ ደግሞ ለዘላለም ሐሰት ይዞ ይኖራል። የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎች ይህን በ«ኤክስ» ሰረዝ በሚጀምሩ ሔደሮች ቀምሰውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አርኤፍሲ 6648 የተባለው የኢንተርኔት ሰነድ ቅጥያውን አቁሙ አለ። ብሮውዘሮችም በ«ዌብኪት» ቅጥያ ቀምሰውታል፤ ድረ ገጾች በቅጥያው ብቻ ስለተጻፉ ፋየርፎክስ የሌላውን ብሮውዘር ቅጥያ ራሱ መደገፍ ግድ ሆነበት።

የእኛ ምክር እንዲህ ነው፦

• አኖቴሽንና ኮምፓይለር ያለው ቋንቋ ላይ ምልክቱ አኖቴሽን ይሁን። ረስት ስታንዳርድ ላይብረሪው ውስጥ ያልጸናን ነገር ከፊቸር ስምና ከኢሹ ቁጥር ጋር፣ የጸናን ደግሞ ከጸናበት ቨርዥን ጋር ያስራል።
• ፓይተንን በመሰለ ቋንቋ ላይ የተለየ ሞጁል ክፈቱ። «አንብብ» የሚገኘው ከ«ሙከራ» ሥር ይሁን። ተጠቃሚው የሚያየው ኢምፖርቱ ላይ ነው፤ ሲጸና የሚቀይረውም አንዲት መስመር ናት።
• የኔትወርክ ፕሮቶኮልና የፋይል ቅርጽ ላይ በስም ቅጥያ ፈጽሞ አትጠቀሙ። አንዴ ዲስክ ላይ የተጻፈን ስም መልሶ የሚሰበስብ የለም።

ከዚያ ምልክቱን በሦስት ቦታ አስገቡ፦ ኮዱ ላይ፣ ከኮዱ በሚወጣው ዶክመንቴሽን ገጽ አናት ላይ፣ ቼንጅሎጉ ላይ። ሁለተኛው ከአንደኛው በማሽን ይውጣ። በእጅ የሚጻፍ ከሆነ ይለያያሉ።

ደረጃ 6፦ ማሽን ይጠብቀው

ሰው ማስጠንቀቂያ አያነብም። የሙከራው ነገር ሲነሳ ዝግ ይሁን።

የጃቫ ፕሪቪው ፊቸር ልዩ ፍላግ ካልተሰጠው አይሠራም። የረስት ያልጸኑ ፊቸሮች ናይትሊ (በየሌሊቱ የሚወጣው የሙከራ) ኮምፓይለር ላይ ብቻ ይከፈታሉ። ሊብዊንክ የተባለው የሲ ላይብረሪ «ይህ የማይጸና መሆኑን አውቃለሁ» የሚል ትርጉም ያለው ማክሮ ካላስቀመጣችሁ ኮምፓይል አይሆንም፤ ፌዝ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ኩበርኔቲስም ከላይ ካየነው ትምህርት ወስዶ ከ1.24 ጀምሮ አዳዲስ የቤታ ኤፒአዮችን ሲነሱ ዝግ አድርጓል።

ፓይተን ላይ የሚያጋጥም ወጥመድ፦ «ዲፕሪኬሽን ዋርኒንግ» በነባሪ አብዛኛው ሰው ጋ አይታይም። ከ3.7 ወዲህ የሚታየው በቀጥታ በሚሠራው ስክሪፕት ውስጥ ላለ ኮድ ነው፤ ኢምፖርት የተደረገ ላይብረሪ ውስጥ ያለው ተደብቆ ያልፋል። ለዋና ተጠቃሚ መድረስ ያለበትን በ«ፊውቸር ዋርኒንግ» አውጡት። «ስታክሌቭል»ን 2 አድርጉት፤ አለበለዚያ ማስጠንቀቂያው የሚያሳየው የእናንተን ፋይል መስመር እንጂ የጠራውን ሰው መስመር አይደለም፣ ሰውየውም የት ሄዶ እንደሚያስተካክል አያውቅም።

ሲአዩ (ኮድ በተለወጠ ቁጥር ራሱ የሚፈትሸው ሲስተም) ላይ ሦስት ፍተሻ ጨምሩ፦

1. ደረጃ የሌለው ይፋዊ ስም ካለ ቢልዱ ይውደቅ።
2. ያለፈውን ሪሊዝ ኤፒአይ ከአሁኑ ጋር አወዳድሩ። ረስት ላይ «ካርጎ ሰምቨር ቼክስ»፣ ሲ ላይ «ሊብአቢጌይል» ይህን ይሠራሉ። መሣሪያ ከሌላችሁ የስሞችና የፓራሜትሮች ዝርዝር ወደ ጽሑፍ ፋይል አውጡና ሪፖዚቶሪው ውስጥ አስቀምጡት፤ ፋይሉ ሲቀየር ፑል ሪኩዌስቱ ላይ በቀይና በአረንጓዴ ይታያል።
3. የጸናው ነገር የሙከራውን አያውጣ። «ቀይር» የጸና ነው፤ ግን የሙከራ የሆነ የሂጅራ አቆጣጠር ክላስ በፓራሜትር የሚቀበል ከሆነ ያ ክላስ በጓሮ በር ጸንቷል ማለት ነው። በደረጃ ስያሜ ላይ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ ሳይታይ የሚያልፈው ይህ ነው።

ደረጃ 7፦ ከሙከራ ወደ ጽናት

የሙከራ ምልክት ሲለጠፍ ማብቂያው አብሮ ይጻፍ፦ «እስከ 1.8 ድረስ ወይ ይጸናል ወይ ይወጣል።» ኩበርኔቲስ ከ1.19 በኋላ ቤታ ላይ የደረሰ ኤፒአይ በ9 ወር ውስጥ እንዲያልፍ ወይም ስንብት እንዲጀምር ያደረገው ለዚሁ ነው። የፓይተን አሲንክአይኦ ሞጁል በ3.4 ጊዜያዊ ሆኖ ገብቶ በ3.6 ጸና፤ በመካከሉም የእውነት ተለውጧል።

የማለፊያ መስፈርት ሦስት ይብቃ፦

• ከእናንተ ፕሮጀክት ውጭ ቢያንስ ሁለት ተጠቃሚ፣ ከሁለት የተለያዩ ሰዎች
• አንድ ሙሉ ማይነር ሪሊዝ ያለ ለውጥ ማለፍ
• ደረጃ 1 ላይ «ያልተወሰነ» የተባለ ረድፍ አለመቅረት

የኛ «አንብብ» ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። «ጳጉሜን»ን ይቀበላል፣ «ጳጉሜ»ንስ? «ነሐሴ»ና «ነሃሴ»ስ? የፊደል ልዩነት እስካልተወሰነ ድረስ ሙከራ ላይ ይቆይ።

ሲያልፍ የድሮውን የ«ሙከራ» አድራሻ ወዲያው አትዝጉ። ወደ አዲሱ የሚመራ ተለዋጭ ስም ከማስጠንቀቂያ ጋር ለሁለት ማይነር ሪሊዝ ተዉለት።

ደረጃ 8፦ ስንብት

የስንብት ማስታወቂያ አራት ነገር ይያዝ፦ ከመቼ ጀምሮ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ በምትኩ ምን፣ ልዩነቱ ምን። እንዲህ፦

«‹በዓላት_ዝርዝር› ከ1.6 ጀምሮ ተሰናባች ነው። በ2.0 ይወጣል። በምትኩ ‹በዓላት› ተጠቀሙ። ልዩነት፦ አዲሱ የሚመልሰው ሊስት ሳይሆን ዲክሽነሪ ነው።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሌለች ሰው ስሙን ብቻ ቀይሮ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚመጣው ኢሹ የናንተ ነው።

በአንዴ አታጥፉ። መጀመሪያ ዶክመንቴሽን ላይ ብቻ፣ ቀጥሎ በሥራ ሰዓት የሚታይ ማስጠንቀቂያ፣ መጨረሻ ማውጣት። ኖድ የ«በፈር» ኮንስትራክተርን እ.ኤ.አ. በ2016 በ6ኛው ቨርዥን ዶክመንቴሽን ላይ ብቻ አሰናበተ፤ ማስጠንቀቂያው በሥራ ሰዓት የወጣው በ10ኛው ነው፣ ያውም ተጠቃሚው ከጫናቸው ፓኬጆች ውጭ ላለ ኮድ ብቻ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሌላ ሰው ፓኬጅ ያመጣውን ማስጠንቀቂያ ተጠቃሚው ሊያስተካክለው አይችልም፣ የሚማረው ማጥፋትን ብቻ ነው።

ሲበላሽ

የጸናውን ሳታውቁ ከሰበራችሁ። በማግስቱ የድሮውን ባሕርይ የሚመልስ ሪሊዝ አውጡ። «ቀጣዩ ሪሊዝ ላይ እናስተካክላለን» አትበሉ፤ በመካከሉ ሰው ከተሰበረው ጋር ይላመድና መመለሱም ስብራት ይሆናል። ለውጡ የግድ ከሆነ ከተመለሰ በኋላ በደረጃ 8 መንገድ ይምጣ።

የሙከራው ነገር ሁሉም ሰው ጋ ከገባ። የመቀየር መብታችሁ ወረቀት ላይ አለ፣ በተግባር ግን አልቋል። እንዳለ አጽኑት፤ ካልወደዳችሁት ሁለተኛ ስም ከጎኑ ክፈቱና የመጀመሪያውን አሰናብቱ። «ሙከራ ነው ብለን ነበር» ብሎ መስበር አንዴ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሙከራ ነገራችሁን የሚሞክርላችሁ አታገኙም።

የቆየ ፕሮጀክት ከሆነና ምንም ደረጃ ከሌለው። ምልክት የሌለውን ይፋዊ ስም ሁሉ «የጸና» ቁጠሩት፤ ተጠቃሚው እንዲያ ነው ያየው። ወደኋላ ተመልሳችሁ «ሙከራ» አትለጥፉ። የማትፈልጉትን አሰናብቱ።

ፕሮጀክቱ ከ0 ነጥብ ምናምን ካልወጣ። በሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ደንብ ከ1.0 በፊት ሁሉም ነገር በማንኛውም ጊዜ ሊቀየር ይችላል፤ ስለዚህ የ«ጽናት» ፋይላችሁ ያለው ቨርዥን ቁጥሩ ከሚለው ጋር ይጋጫል። አንድ ፈንክሽን እንኳ «የጸና» ካላችሁ በዚያው ሪሊዝ 1.0 በሉት፤ ያልጸናው «ሙከራ» ውስጥ ይቆያል።

ሁለት ሜንቴይነር በአንድ ፈንክሽን ደረጃ ካልተስማሙ። ዝቅተኛውን ያዙ። ከሙከራ ወደ ጽናት በማንኛውም ማይነር ሪሊዝ መውጣት ይቻላል፤ ከጽናት ወደ ሙከራ የሚወርድ መንገድ ግን የለም።